ገንዳው የት ይቆፈር?

«የምነግራችሁ ነገር ቅንጣት ውሸት የለበትም። ካለበት ቦቼ የሚሉትን የኳስ ውርወራ የምጫወትበት ይህ ቀኝ እጄ ይድረቅ። በመላው ጄኖቫ ደግሞ እንደዚህ እጅ ኳስ የሚወረውር የለም» አልኳቸው፣ ከዝናብ ሊጠለሉ ወንድሜ ኤልቪዮ ብስክሌት መጠገኛ ለገቡት ልጆች። ከዚያ እንዲህ ስል ተረክሁላቸው።

የወንድሜ ልጅ ሚርታ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዛ የሰፈሩ ካርታ ፊት ቆማለች። የስብሰባ አዳራሹ ጢም ብሏል። የሚቆፈረው የዝናብ ውሃ ማቆያ ገንዳ አንድ ብቻ ነው። ቦታውን የጎርፉን መንገድ ያጠኑት ሚርታና ሌሎቹ ተማሪዎች ይጠቁማሉ፤ ሰፈሩ እጅ አውጥቶ ይወስናል።

ባለፈው ጥቅምት ጎርፉ ይህንን ሱቅ እስከ ጣሪያው ሞልቶት ነበር። ዓሣ ነባሪ ሲዋኝበት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ዓሣ ነባሪ ነው። አንድ ጎርፍ ከተደገመ ሱቁ ይዘጋል፤ እነሚርታም ሰፈሩን ለቀው ቱሪን ከተማ አክስቷ ዘንድ ይጠጋሉ።

«ሚርታዬ፣ ሱቃችን በር ላይ አድርጊው» አላት ኤልቪዮ ቀስ ብሎ። «ውሃው የሚያጠፋን እዚያ ነው።»

«አባዬ፣ እዚያማ አብጦ ነው የሚደርሰው። ገንዳውን በአንድ ጉርሻ ሞልቶት ያልፋል።»

«ታዲያ የት?»

ሚርታ ጣቷን ካርታው ላይ ሽቅብ አስኬደች። ከጓደኛዋ ከዳርዮ ጋር በዝናብ እየበሰበሱ ውሃውን ሽቅብ ተከትለውት ነበር። ከላይኛው ሰፈር ጣሪያና አስፋልት የሚወርደው ውሃ፣ ገና ቀጭን ሳለ የሚሰባሰብበት ቦታ ደረሱ፤ ቦታውም እኔ የምመራው የቦቼ ክለብ ሜዳ ነው።

«እሱን ከነካሽ አለቀልሽ» አላት ዳርዮ በሹክሹክታ። «የክለቡ ሽማግሌዎች ጥሬሽን ነው የሚበሉሽ። አጎትሽማ በኳስ ነው የሚፈነክትሽ።»

 ወደ አባቷ ዞረች፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ካርታው ላይ ሜዳውን በሰማያዊ ከበበችው።

 ያኔ ተነሳሁ። የመስኮቱን መስታወት ባራገፈ ድምፅ፣ «ሜዳዬን ቆፍሩት፤ ካስፈለገም እኔን አብራችሁ ቅበሩኝ» አልኩ። ከንቲባው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ጫማዬን ሊስሙ ተሰለፉ። በሳምንቱ ገንዳው ተቆፈረ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰፈር ጎርፍ የሚባል ነገር…

«አጎቴ።»

ሚርታ ነች። እስካሁን ጥግ ላይ ሆና የብስክሌት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ጣሪያው ሥር ስትሰቅል ነበር። ዘወርም አላለች።

«ሜዳው እኮ አልተቆፈረም። የሚቃወም እጁን ያውጣ ሲባል መጀመሪያ ያወጣኸው አንተ ነህ።»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። በበሩ ሥር ውሃ እየሾለከ መግባት ጀምሯል። ኤልቪዮ ጨርቅ ወሸቀበት።

ሚርታ የመጨረሻውን ጎማ ሰቅላ ቦት ጫማዋን አጠለቀች።

«ወዴት ነሽ?» አላት አባቷ።

«ሽቅብ። ሽማግሌዎቹ ክለቡ ውስጥ ተጠልለዋል። ውሃውን በዓይናቸው እያዩ ሜዳው አይቆፈርም ይበሉኝ።»

በሩን ከፈተች። ግን አልወጣችም። ዝናቡ ፊቷን እየመታት፣ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ እንድነሳ ጠበቀች።