መብራት ሳይጠፋ

ማክሰኞ ጠዋት የዱቄት ፋብሪካችን ኮምፒውተር ሞተ። ሃያ ዓመት ያገለገለውን ግራጫ ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ጠጋኙ ታዲዮስ ክዳኑን ሲከፍት አንድ ጭብጥ ዱቄት ፈሰሰ።

«እህቴ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ ወፍጮ?»

አልሳቅኩም። ፈርቼ ነበር።

«ወፍጮውን የሚያዘው ፕሮግራም ግድግዳው ላይ ባለው መቆጣጠሪያ ውስጥ ነው» አልኩት። «ሌላው ቅጂ እዚህ ሣጥን ውስጥ ነበር። የመቆጣጠሪያው ባትሪ ደግሞ ደክሞ ቀይ አብርቷል። አዲሱ ባትሪ ከአዲስ አበባ የሚደርሰው ሰኞ ነው።»

«እስከዚያ መብራት ቢጠፋስ?»

«ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። ፋብሪካው ይቆማል።»

ነቀምቴ ላይ መብራት እንደሚጠፋ ለእሱ መንገር አያስፈልግም። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ከጥያቄው በላይ ቆየ።

«የሞተውን አላስነሣም» አለ። «ከመቆጣጠሪያው ግን በአዲስ ላፕቶፕ መቅዳት ይቻላል። ጊምቢ አንድ የቡና ማበጠሪያ ላይ እንዲህ ያለ ሠርቻለሁ። እመጣለሁ።»

መጣ። በማግስቱም መጣ። አዲሱ ላፕቶፕ ግን ከመቆጣጠሪያው የሚቀዳውን የድሮ ሶፍትዌር አልቀበልም አለ፤ በጫንነው ቁጥር «በዚህ ሲስተም ላይ አይሠራም» ይለናል። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ዓይን ለዓይን የምንገጣጠመውም ያኔ ነበር።

አባቴ ኦቦ ዋጋሪ የፋብሪካው ዋና ኤሌክትሪሺያን ነው። በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። የታዲዮስን ማተብ አይቷል። ሐሙስ ማታ እራት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ጎረምሳ የሚመጣው ለማሽኑ ነው?» አለኝ።

«ለማሽኑ ነው፣ አባዬ።»

ወጡን ወደ እሱ አቀረብኩለት።

ዓርብ ታዲዮስ መላ አገኘ። በላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አስመስሎ አሮጌውን ዊንዶውስ እዚያ ጫነው። በትንሽ መስኮት ውስጥ የልጅነታችን ኮምፒውተር ገጽ ብቅ አለ።

«ሽማግሌ የራሱ ጎጆ ሲሠራለት አይቆጣም» አለኝ።

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ወዲያው አባቴ እንዳይሰማ አፌን ያዝኩ።

ቅዳሜ፣ የድሮውን ገመድ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ ይዞ መጣ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቅጂው ጀመረ። በመቶኛ፣ በመቶኛ፣ እንደ ጠብታ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባቴ ገብቶ እጁን ዋናው ማጥፊያ ላይ አኖረ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ለጽዳት ሁሉም ይጠፋል።

«አባዬ፣ ዛሬ ቆይ። ካጠፋኸው ፕሮግራሙ ሳይቀዳ ይጠፋል።»

«አንድ ቅዳሜ ቆየሁ። የሚያጸዳ ሰው እጅ በማሽን ተቆረጠ» አለ። «ሠራተኞቹ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። ዞር በይ።»

በእሱና በማጥፊያው መካከል ገባሁ። በሕይወቴ በአባቴ መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም።

«ስልሳ ስምንት» አለ ታዲዮስ ከኋላዬ፤ ድምፁ ደርቋል።

አባቴ እኔን አየ፤ እሱን አየ። ከዚያ እጁን አንሥቶ በሩ ላይ ቆመና ጮኸ፦ «ሁላችሁም ወደ ግቢ ውጡ! ማንም ማሽን እንዳይነካ!»

መቶ ሲሞላ ታዲዮስ ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀመጠ። ትንፋሼን ለመልቀቅ አፌን እንደከፈትኩ መብራት ጠፋ።

የወፍጮው ድምፅ እየከሰመ እየከሰመ ሞተ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሲነሣ መቆጣጠሪያው ባዶ ነበር። ምንም አያስታውስም።

አሁን የቀዳነውን መመለስ ብቻ ቀርቶናል። የታዲዮስ ጣት ግን ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሃል?»

«ሊሊሴ» አለ በሹክሹክታ። ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። «ጊምቢ ሠርቻለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ጊምቢን በአውቶቡስ አልፌያታለሁ እንጂ ወርጄባት አላውቅም። የቀዳሁት ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።»

ግቢው ውስጥ ስልሳ ሠራተኞች ቆመዋል።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ሣጥንሽን ይዘሽ እንዳትሄጂብኝ።»

ልመታው ፈለግኩ። ላለቅስም ፈለግኩ።

«ሌላ ቅጂ የለንም» አልኩት። «ተጫነው።»

«እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

እጄን በእጁ ላይ አኖርኩ። አብረን ተጫንን።

መመለሱ ከመቅዳቱ ይልቅ ረዘመ። ሲያልቅ አንዲት አረንጓዴ መብራት በራች። ቀጥላ ሌላዋ። አባቴ ማስነሻውን ተጫነ፤ ወለሉ ከእግራችን ሥር ማጉረምረም ጀመረ። ከግቢ እልልታ ተሰማ።

አባቴ ላቡን ጠርጎ ወደ ታዲዮስ ዞረ። «ጊምቢ ላይ ሠርተሃል ተብያለሁ፤ እዚያም እንዲህ ፈርተህ ነበር?»

አዎ ቢለው ያልቅ ነበር። ታዲዮስ ግን ከወንበሩ ተነሣ።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ ጊምቢ አልሠራሁም። ዋሽቼ ነው የገባሁት።»

አባቴ ቀጥሎ እኔን ጠየቀኝ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አሁን ነግሮኛል። ከመጫናችን በፊት።»

«ከሰማሽ በኋላ ነው እንግዲህ እጅሽን እጁ ላይ ያኖርሽው።»

ዓይኔን ከመሬት አነሣሁ። «አዎ፣ አባዬ።»

አልመረቀኝም፤ አልተቆጣኝም። ፊቱን ወደ ማሽኑ መልሶ፣ «እንግዳ ብቻውን አይወጣም» አለ። «ሽኚው።»

በቀን ብርሃን፣ በዋናው መንገድ፣ ጎን ለጎን ሄድን። ከየሱቁ «አካም ጅርቱ!» ይሉናል፤ ሰላምታው ሲያልቅም ዓይናቸው አይመለስም። እስከ ነገ ጸሎት ድረስ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

ወደ ሰፈሩ ከሚያሻግረው ድልድይ ስንደርስ ታዲዮስ ቆመ። «ከዚህ ትመለሻለሽ?»

«እስከ ሱቅህ» አልኩት።