ጁሱን የጠጣልኝ እጮኛ

ቤካን መጀመሪያ ያየሁት ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራዬን ሲወስድብኝ ነው። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ቸኩዬ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ጅሏ አብሬው ሳቅኩ። እንዲህ እያሳቀኝ ቀለበት አሰረልኝ።

ከሠርጉ በፊት እናቱ ሊያዩኝ ፈለጉ። በሌሊቱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ተሳፈርን። የልደታ፣ የጌጃ ሰፈር ልጅ ነኝና ሌባ አውቃለሁ፤ የቦርሳዬን ማንገቻ ክንዴ ላይ ጠምጥሜ ተቀመጥኩ።

«ቤኪ፣ በየተራ እንተኛ። ከማናውቀው ሰው ደግሞ ምንም አንቀበል።»

«ኧረ ተይ ኢሊሊ! አራዳን ማን ይሸውዳል?»

አራዳው! ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ሱፍ ለባሽ ሁለት የተከፈተ ጁስ ዘረጋልን።

«ጠጡ እንጂ! በሞቴ!»

«አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አልኩ።

ቤካ በክርኑ ጎሰመኝ። «በሞቴ እየተባለ እምቢ ይባላል? ሰው ይታዘበናል!» አለና የሱንም የኔንም ጨለጠው። የኔ ጀግና! ሌባ አይፈራም፣ ይሉኝታ ግን ያንቀጠቅጠዋል። ወዲያው አፉን ከፍቶ ማንኮራፋት ጀመረ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሲያንቀላፋ ሱፍ ለባሹ የቤካን ስልክ ከኪሱ መዘዘ። ከዚያ የኔን ቦርሳ ያዘ።

«ድምፅሽን እንዳታሰሚ!»

«ቤካ! ቤኪዬ!»

ቤካ የት አለ! ሰውየው እጄን ጠመዘዘው። «ሌባ! ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላችን የተቀመጡት እትዬ የሺሀረግ «ያዙት!» እያሉ ደረሱልኝ፤ ጥበቃዎችም መጥተው ያዙት። ያበጠ እጄን እትዬ በሻርፓቸው አሰሩልኝ። ሌሊቱን ሙሉ «አይዞሽ ልጄ» ሲሉኝ እኔ የምጠብቀው የቤካን አይዞሽ ነበር።

ድሬዳዋ ስንደርስ ነቃ። ሁሉንም ነገርኩት። የታሰረ እጄ ፊቱ ነው።

«ስልኬስ?» አለኝ።

«ተመልሷል።»

«ተመስገን! ግን አንቺም ጁሱን ብትቀበይው ሰውየው ባልተናደደ... በናትሽ ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ያሳፍራል።»

አለቀስኩ። እወደው ነበር፣ ምን ይደበቃል! ቀለበቱን አውልቄ ከስልኩ ጋር እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ኢሊሊ! እማዬ እኮ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች! ምን ልበላት?»

በዚያው ቀን በአውቶቡስ ወደ ልደታ ተመለስኩ። ጓደኞቼ «ለአንድ ጁስ ብለሽ?» ይሉኛል። ለጁስማ አይደለም። «አመመሽ?» ብሎ እጄን ቢነካኝ ኖሮ፣ ዛሬ ሚስቱ ነበርኩ።