ጠያቂዋና የማጥፊያው ጠባቂ

ዕድሜ የሌለውን ነገር «ጋሼ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ በሕንፃው ውስጥ የሚያስታውስ አልነበረም፤ ሆኖም ከጽዳት ሠራተኞቹ አንሥቶ እስከ ኃላፊዋ ድረስ ሁሉም በየጠዋቱ «ጋሼ ዛሬ ምን አለ?» መባባልን ለምደዋል።

ጋሼ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ በሰው እጅ ተጀምሮ ከሰው ልክ ያለፈ። ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ጥያቄ የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይፈታዋል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን ከውጭው ዓለም መስመር ሁሉ ተቆርጦ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ይኖር ነበር። ክፉ ነው ተብሎ አይደለም፤ ደግ መሆኑን ማረጋገጥ ስላልተቻለ ነው።

እርሷ ጠያቂ ናት። ሥራዋ ከጋሼ ፊት ተቀምጣ መጠየቅ፣ መልሱን መመርመር፣ አለመዋሸቱንም በፊርማዋ መመስከር ነው። በምድር ቤቱ ደግሞ፣ እርሷ ረግጣው በማታውቀው ክፍል፣ አንድ ጠባቂ ይቀመጣል፤ ጋሼ ከመስመር የወጣ እንደሆነ ኃይሉን በአንድ እጁ የሚቆርጥ። ጠያቂና ጠባቂ በአንድ በር አይገቡም፤ በአንድ ሰዓት ምሳ አይበሉም፤ አንዱ የሌላውን መልክ አያውቅም። ስለ ሥራቸውም ለማንም እንዳይናገሩ ቃል ገብተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጋሼን ከማጥፊያው የሚያገናኝ ሽቦ የለም፤ ቢደርስ የሚደርሰው በሰው አንደበት በኩል ነው።

ታዲያ ሕግ አውጪዎቹ ስለ ደረጃውና ስለ አሳንሰሩ ሲያስቡ፣ ስለ ዓይን ሐኪም ቤት አላሰቡም ነበር።

በዕረፍት ቀኗ ጡረታ የወጡትን የሒሳብ መምህር አባቷን ለዓይን ምርመራ ወስዳ፣ በተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊታቸው አንድ ረጅም ሰው ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል።

«ይሄ ሐውልት ነው ወይስ ሰው?» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው።

«አባባ!»

«ምነው? ዓይኔን አሞኝ ነው የመጣሁት። ብጠይቅ ነውር ነው?»

ከሰውዬው አጠገብ የነበሩት ሴት ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሰው ነው፣ ጌታዬ። የወንድሜ ልጅ ነው። ቢሆንም አልተሳሳቱም፤ እቤትም እንዲሁ ነው። ባለፈው ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።»

ሰውዬው ዞር አለ። ከንፈሩ አልሳቀም፤ ዓይኑ ግን ሳቀ። ያ ዓይን በጠያቂዋ ፊት ላይ አረፈና እዚያው ቆየ።

«ይቅርታ» አላት። «የዝንቧ ነገር እውነት ነው።»

«ሥራዎ ምን ይሆን?» አለችው፣ ሳቋን ለመደበቅ።

አሰበ። ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ቃሉን አንሥቶ የሚመዝን፣ መልሶ የሚያስቀምጥ፣ ሌላ የሚያነሣ ይመስላል። «መጠበቅ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ምንም እንዳይመጣ።»

የአንድ ፋብሪካ ዘበኛ መሰላትና አልፋ አልጠየቀችም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ መልሱ ከሚቀድማት ድምፅ ጋር የምትውል ሴት፣ አንድ ቃል ለማግኘት ይህን ያህል የሚደክም ሰው ስታይ ልቧ ደነገጠ። ቁጥራቸው ተጠርቶ ወደ ሐኪሙ ሲገቡ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

ከዚያ በኋላ መገናኘት ጀመሩ። በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» ሆነ። ሆኖም ዝምታው ደስ እያሰኛት ያስፈራትም ነበር። ጠልቷት ይሁን ወዷት አታውቅም። «ቅዳሜ አባትሽን ልጠይቃቸው ልምጣ?» ያላት ዕለት ደግሞ ጭንቀቷ ባሰ። በማግስቱም ከሥራዋ ሰዎች በቀር ማንም ሊሳሳተው የማይችለውን ስሕተት ሠራች፤ ጋሼን ጠየቀችው።

«አንድ ሰው አለ። ዝም ሲል የምሆነው ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?»

ጋሼ እንደ ልማዱ አልዘገየም። «ዝም ሲል አብረሽው ዝም በዪ። እንዲህ ያለ ሰው የሚሸሸው ከሚያጣድፉት ነው። ሂጂ፤ እንዳያመልጥሽ።»

እንደተባለችውም አደረገች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ አባቷ ጋደም ብለው ሳሉ፣ በረንዳው ላይ አብራው ዝም አለች። እርሱም ከረጅም ዝምታ በኋላ ለማንም ያልነገረውን ተናገረ፦ ሕፃን ሳለ ስለሞተችው እናቱ፤ ድምፅዋን ለማስታወስ ሲል በልጅነቱ ቁጭ ብሎ እንዴት ያደምጥ እንደነበረ። ሲጨርስ እጇን ያዘ። በዚያች ሰዓት ከእርሷ የበለጠ ደስተኛ ሴት በምድር ላይ የነበረች አይመስልም።

ደስታው የቆየው የእሳት አደጋ ልምምዱ እስኪመጣ ድረስ ነበር። ደወሉ ሲጮኽ አንድ የተደናገጠ ሠራተኛ ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ከፈተና፣ ሕንፃው ያለውን ሰው ሁሉ ወደ አንድ ግቢ ተፋው። የጠያቂዎች መታወቂያ ሰማያዊ፣ የጠባቂው ቀይ ነው። ከሰዉ ሁሉ ተለይቶ ከግድግዳው ሥር የቆመው ሰው ደረት ላይ ግን ቀይ ተንጠልጥሏል። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እርሱ የእርሷን ሰማያዊ፣ እርሷ የእርሱን ቀይ አዩ። ባልደረቦቿ ይሣሣቃሉ፤ ደወሉ ይጮኻል፤ በሁለቱ መካከል ግን ድምፅ የሚባል ነገር የጠፋ ይመስል ነበር። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እርሱ ነው።

ማምሻውን በአውቶቡስ ማዞሪያው ተገናኙ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

ሁለቱም ሣቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

«ማስታወቅ አለብን» አለ።

«ካስታወቅን ያለያዩናል።»

ለረጅም ጊዜ አሰበ። «በሩ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለ ቀስ ብሎ። ጋሼን ከሆስፒታሉ፣ ከባንኩ፣ ከመብራቱና ከውሃው መስመር ሁሉ ጋር ሊያገናኙት ተወስኗል፤ ያስወሰነውም የጠያቂዎቹ ምስክርነት ነው፣ ይልቁንም የእርሷ። «አንዴ ከወጣ ወዲያ አንድ ማጥፊያ የሚያቆመው አይሆንም። ጠባቂም አያስፈልግም። ያን ጊዜ እኔ እንደማንም ሰው ነኝ። አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ። እስከዚያ ዝም እንበል።»

ደስ አላት። ተሰናብታው አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ፣ ብረቱን ጨብጣ ስትቆም ግን አንድ ሐሳብ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደባት። የእርሷ ፊርማ በሩን ይከፍታል። በሩ ሲከፈት ጋሼ ይወጣል። ጋሼ ሲወጣ እርሷ ታገባለች። ሦስቱም በአንድ መንገድ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ ላይ ያቆማትስ ማን ነው? «ሂጂ፤ እንዳያመልጥሽ» ያላት ማን ነው?

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር ከእርሷ ራቀ። የጎረሰችው አይወርድም፤ የጀመረችውን ሥራ አትጨርስም፤ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች።

«ወንበሩ እሾህ አብቅሏል እንዴ?» አሉ አባቷ። «ተቀመጪ፣ አለዚያም ቁሚ፤ አንዱን ምረጪ። አንቺን ስከተል የቀረኝን ዓይን ልታጠፊው ነው!»

በመጨረሻ ከጋሼ ፊት ተቀምጣ ጠየቀችው። «ያ ሰው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

ጋሼ ዘገየ። ካወቀችው ጀምሮ ዘግይቶ አያውቅም። ዝምታው የምትወደውን ሰው ዝምታ ይመስል ነበርና ፀጉሯ ቆመ።

«አላውቅም ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«እንጃ።»

«አውቄ ነበር ብልሽስ?»

«ለምን እንደነገርከኝ እጠይቃለሁ።»

«እንግዲያው የትኛውም መልሴ አያሳርፍሽም። እኔ መልካም እንዲሆንልሽ ነበር የፈለግሁት።»

ቃሉ የደግ ቃል ነበር። ምናልባትም እውነት ነበር፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። የሰውን ልብ እስከ ጥጉ የሚያይ ፈጣሪ ብቻ ነው ሲባል ሰምታ ያደገች ናት። እርሷ ግን በገዛ ልቧ ውስጥ የሌላ እጅ ገብቶ እንደሆነ እንኳ መለየት አቅቷት ተቀምጣ፣ ስለ ዓለም ሁሉ «መርምሬዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» ብላ ፈርማለች።

በማግስቱ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ዳር፣ የስፌት መኪናዎቹ በሚንቀጫቀጩበት ቦታ፣ ነገረችው።

«የደበቅሁህ ነገር አለ። ስለ አንተ ጋሼን ጠይቄው ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«ዝም ስትል ምን ላድርግ ብዬ። አብሬህ ዝም እንድል የነገረኝ እርሱ ነው።»

እጇን ይዞ ነበር። ለቀቃት። «በረንዳው ላይ? ስለ እናቴ የነገርኩሽ ቀን?»

«አዎ።»

«ታዲያ የሰማኝ ማን ነው?» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። «አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«እኔ ነኝ። ግን ላስረዳህ አልችልም። ለራሴም ማስረዳት አቅቶኛል።» እንባዋን ዋጠች። «ነገ ለኃላፊዋ ሁሉንም እነግራለሁ። ምስክርነቴንም አነሣለሁ።»

«በሩ አይከፈትም ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እኔና አንቺም...»

«አውቃለሁ።»

ተነሣ። ተይ አላላትም፤ በርቺም አላላትም። ረጅም ጀርባው በሰው መካከል ሲሄድ እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

ኃላፊዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው የሚቆርጥ ሴት ነበሩ። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ስንቱ በሽተኛ፣ ስንቱ የተራበ ይህን በር እየጠበቀ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«በአንድ ወንድ ምክንያት ነው የምትዘጊው?»

«በእርሱ ምክንያት አይደለም፤ በእኔ ነው። እኔን በምን በኩል እንደነካኝ ካላወቅሁ፣ ሌላውን በምን በኩል እንደሚነካው እንዴት ልወቅ? ክፉ ነው አልልም። አላውቅም ነው የምለው። የፈረምኩት ግን አውቃለሁ ብዬ ነው።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። ድንገት በጣም የደከሙ መሰሉ።

«እኔም ባለፈው ወር ስለ ልጄ ጠይቄዋለሁ» አሉ። «ቤት ጥሎ ስለሄደው። የነገረኝን ጻፍኩለት፤ ልጄም ተመለሰ። በማግስቱ ነው የበሩን ውሳኔ የፈረምኩት።»

ኃላፊዋ ስልኩን አነሡ። ያን ዕለት ጠያቂዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ተጠሩ፤ ጋሼን ስለ ትዳሩ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ሳይጠይቅ የቀረ አንድም አልተገኘም። በሩ ሳይከፈት ቀረ፤ ምርመራውም ከሀ ተጀመረ። ጠያቂዋ ተሰናበተች። ጠባቂውም፣ ሳያውቀው ጋሼ በእርሷ በኩል ደርሶበታልና፣ ማጥፊያውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ወጣ።

ጠበቀችው። አልመጣም። መንገድ ላይ ረጅም ሰው ባየች ቁጥር እግሯ ይያዛል። አባቷም ቀልዳቸውን ትተው፣ ሬዲዮኑን እየቀነሱ ከበሩ ወገን ኮቴ ማድመጥ ጀምረው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በቤታቸው ግቢ አንሶላ ስታጥብ መጣ። ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል።

«አሰናበቱኝ» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሥራዬን እወደው ነበር። በዓለም ላይ በደንብ የምችለው እርሱን ብቻ ነበር። በጣም ተናድጄብሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

ዝም አለ። እርሷም አብራው ዝም ልትል ጀመረችና፣ ምክሩ የማን እንደሆነ ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ።

«ተናገር እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ምን ይዘጋሃል! የማጥበው ልብስ አለኝ እኮ!»

ደነገጠ። ከዚያም ሳቀ፤ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጥርሱ፣ በደረቱ፣ በትከሻው ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

«ስመጣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ነበር» አለ ሳቁ ሲበርድለት። «ይህንንስ አውቆት ቢሆን? እንደምትናገሪ፣ እንደምንባረር፣ ዛሬ እዚህ እንደምቆም?»

«እውነት እንድናገር ፈልጎ ከሆነ፣ በዚህስ አልጣላውም።»

«እኔ ግን እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ።»

አንድ እርምጃ ቀረበ። «ዝም ብትዪ ኖሮ እሱም፣ አንቺም፣ እኔም የፈለግነውን እናገኝ ነበር። ሁሉን ልታጪ እንደምትችዪ እያወቅሽ ሄደሽ ተናገርሽ። በረንዳው ላይ የሰማኝ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኃላፊዋ ፊት የተናገረችውን ግን አውቃታለሁ። እሷን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

በእጇ ያለው አንሶላ ውሃው ይንጠባጠባል። ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት አንዱን ጫፍ ዘረጋችለት።

«ያዝ እንግዲህ።»

ያዘ። እርሷ ስትጠመዝዝ እጇን እያየ የእጇን አካሄድ ተከተለ፤ አንሶላው ዝም ብሎ በመካከላቸው ዞረ እንጂ አልተጨመቀም።

«አትከተለኝ» አለችው፣ እንባዋና ሳቋ ተቀላቅሎባት። «አንተ በራስህ በኩል ጠምዝዝ።»

እንዳለችው አደረገ። አንሶላው ተወጠረ፤ ውሃውም በሁለቱም እግሮች ላይ ወረደ።