ዐይኑ የተፋቀው ወፍ

ያንን ጥቁረት ጥላሸት አድርጌ መቁጠሬ ዛሬም ያሳፍረኛል። ስንት መጽሐፍ ያገላበጥኩት ሴት አንዲት የብር ትሪ ማንበብ አልቻልኩም ነበር።

ትሪዋ ከቅድመ አያቴ ለአባቴ የወረደች ናት፤ ሞላላ፣ ባለ ሁለት እጀታ፣ ጠርዟን በሐረግ የተያያዙ ዐሥራ ሁለት ወፎች የሚዞሯት። ሳሎን ካለው ቡፌ መስተዋት ጀርባ ተቆልፋ ትኖራለች። የምትወጣው አባቴ «ሰው» ብሎ ለሚቆጥረው እንግዳ ብቻ ነው፤ የቀረው በፕላስቲክ ትሪ ይስተናገዳል። እናቴ ግን እንግዳ ኖረም አልኖረም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድ ትፈትጋታለች። በእኛ ቤት ክብር ማለት ማብለጭለጭ ነበር።

አንደኛው እጀታዋ የተላቀቀ ጊዜ፣ ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ጎን ወዳለች ጠባብ የአንጥረኛ ሱቅ ወሰድኳት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ እጀታው ጠብቋል፤ ነገር ግን በሐረጎቹና በወፎቹ ላባ መካከል ጥቁር ነገር ተጋግሯል።

«ይኼ ጥላሸት ምንድን ነው? እሳትህን የኛ ትሪ ላይ ነው እንዴ ያነደድከው?»

«ጥላሸት አይደለም፣ እትዬ። ሆን ብዬ ነው ያጠቆርኩት።»

«እትዬ? እኔ እኮ ታናሽህ ሳልሆን አልቀርም!»

«እንግዲህ ቁጣሽ ነው ያስረጀሽ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ትሪዋን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። አባቴ ሳያይ ላጸዳት ብዬ እማድ ቤት ገብቼ አመዱን አነሳሁ፤ አንዱን ወፍ እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩት። አመዱን በውኃ ሳለቀልቀው ወፉ ዐይን አልነበረውም። ዐይኑ በነበረበት ቦታ ልሙጥ ብር ብቻ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ተመለስኩ። አንጥረኛው ወፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«እነዚህ ጭረቶች ድሮ ጥልቅ ነበሩ» አለኝ በመጨረሻ። «በየሳምንቱ መፈተግ በልቷቸዋል። ጥላ ካልሰጠሁት የቀረው እንኳ አይታይም። እናንተ ቤት እድፍ እየመሰላችሁ ወፎቹን ነው የምትፍቁት።»

«ዐይኑን መልሰህ ቅረጽልኝ።»

«አልቀርጽም። የሠራው ሰው ሞቷል፤ በእሱ እጅ መዋሸት አልሻም። የቀሩትን ዐሥራ አንዱን ግን ማትረፍ እንችላለን።»

እኔ አሮጌ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ የሰፈረን ማስታወሻ በላጲስ የሚያጠፋ አንባቢ ባገኝ ይቅር የማልል ሰው ነኝ። ያን ቀን በፊቱ የቆምኩት እኔው ራሴ ያ አንባቢ ሆኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት እግሬ ወደዚያች ሱቅ መሄድ ለመደ። እሱ ሲሠራ እኔ አነብለታለሁ፤ አንዳንዴ መዶሻው ከዐረፍተ ነገሩ መካከል ቀጥ ይላል፤ ቀና ስል ዐይኖቹ እኔ ላይ ናቸው።

«ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ባዶ እጄን እያየ።

«ምንም።»

«እሱ ነው ለመጠገን የሚያስቸግረው» አለ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

ልንጋባ መወሰናችንን ለአባቴ ስነግረው ጋዜጣውን አጠፈ።

«ትሪዬን የጠገነው ሰውዬ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እጀታ አጥብቅ አልኩት እንጂ ልጄን ውሰድ አልኩት?»

እሑድ አንጥረኛው ከታላቅ እኅቱ ጋር ለጋብቻ ሊጠይቀኝ መጣ። እናቴ ወደ ቡፌው ልትሄድ ስትል አባቴ በዐይኑ ወደ ማድ ቤት ጠቆማት፤ ሻዩ በፕላስቲክ ትሪ ቀረበ። እኅቱ የሁለቱ ትሪዎች ወሬ ቀደም ብሎ ደርሷት ኖሮ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ብርጭቆውን አላነሳም፤ ቡፌውን ይመለከት ነበር፤ በቅዳሜው አመድ ዳግመኛ የተፈተጉትን ወፎች። በፊቱ ላይ ቂም ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ለወፎቹ ማዘኑን ብቻ ነው። ልቤ ቆረጠ።

የቡፌውን ቁልፍ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ከተሰቀለበት አወረድኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባቴ።

«እንግዳ ላስተናግድ።»

«ያቺ ትሪ የምትወጣው ለሰው ነው!»

«እኔም ለሰው ነው የማወጣት፣ አባዬ።»

«ለሱ ካቀረብሽባት ከዚህ ቤት የለሽም።»

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብሩ ትሪ አሻገርኳቸው። እጀታዋን ጨብጬ አነሳኋት፤ ያጠበቀው እሱ ነውና አልተነቃነቀም። ለእኅቱ ቀድሜ፣ ቀጥዬ ለእሱ ጎንበስ አልኩ።

«ይቅርብሽ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይቀርም» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞርኩ። «ይኼን ወፍ ያሳወርኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ፤ ላስከብራችሁ ብዬ ስፈትግ። ሰው ላይ ግን አልደግመውም።»

አባቴን የቀደመችው፣ በሕይወቷ ባሏ ሳይናገር ተናግራ የማታውቀው እናቴ ናት። አንጥረኛውን እያየች እንዲህ አለችው፦

«ጠጣ እንጂ፣ ልጄ። ሻዩ ይቀዘቅዛል።»

ጠጣ።

እንግዶቹ ሲጨርሱ ትሪዋን በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጠብኩ፤ በለስላሳ ጨርቅ አድርቄ ቡፌው ውስጥ መልሼ ቆለፍኩባት፤ ቁልፉን አባቴ መዳፍ ላይ አኖርኩ። ልብሴንና መጻሕፍቴን በአንድ ሻንጣ ከትቼ ከቤቱ ወጣሁ። ሐሙስ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄደን የጋብቻ ውል ተፈራረምን፤ እናቴ ምስክር ሆና ፈረመች።