የሄሊና ዋስ

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ምግብ ቤት ውስጥ የነበርነው የዕቁቡ ዳኛ ጋሽ ሃይለኣብ፣ የቤቱ ባለቤት ውባንቺ፣ እኛ ዕቁብተኞቹና ሄሊና ፈዬራ ነን። ዕጣው ለሄሊና ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ። ጋሽ ሃይለኣብ ግን ብሩን ከመስጠታቸው በፊት በደንቡ መሠረት ጠየቋት።

«ዋስሽ ማነው፣ ልጄ?»

ዙሪያዋን አየች። ብሩን የምትፈልገው ለኮሌጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አርክቴክቸራል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ስትማር ቆይታ አንድ ዓመት ነው የቀራት። እስካሁን የተማረችበት ብድር ገና አልተከፈለም። በትርፍ ሰዓቷ ለሰው ፕላን እየሣለች የምታገኘው ደግሞ ዛሬ ኖሮ ነገ የሚጠፋ ነው። ዕቁብ የበላ ሰው ቀሪውን መክፈል ካቃተው የሚከፍለው ዋሱ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስልኩን ማየት ጀመረ።

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ከእሷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጬ አላውቅም። አንገቷን ስታቀረቅር ሳይ ግን አፌ ቀደመኝ።

«እኔ እሆናለሁ።»

ሁሉም ዞረ። ውባንቺ ሳህን እንደያዘች ቆመች።

«ዓለምሰገድ ይናገራል እንዴ? እኔን እኮ ሽሮ ሲፈልግ እንኳ በጣቱ ነው የሚያሳየኝ!»

ሳቁብኝ። ሄሊና አልሳቀችም። ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ለምን?» አለችኝ።

«እንዲሁ...»

አልኳትና መንገዱን ተሻገርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። የጂፕሰም ሠራተኛ ነኝ። የምሠራበት ሕንፃ እሷ ሚኒባስ ከምትይዝበት መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ማታ ማታ አብረን መሄድ ጀመርን። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሰዓቱ እስኪደርስ ግን መሰላሉን እየወጣሁ እወርዳለሁ። አለቃዬ ግድግዳውን ሁለቴ አስደገመኝ።

እሷም ከእኔ የባሰች ነበረች። ብሩን ተቀብላ አስቀመጠችው እንጂ ለኮሌጁ አልከፈለችም። ቦሌ ያለ አንድ የቤት ውስጥ ዲዛይን ቢሮ ሥራ ሰጥቷታል። ሥራው ሙሉ ቀን ስለሆነ ግን ትምህርቱን መተው ሊኖርባት ነው። ዲግሪውን ብትይዝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምታገኘው ደመወዝ ቢሮው አሁን ከሚሰጣት ብዙም አይበልጥም፣ ዕዳው ግን ይጨምራል። ባትይዝ ደግሞ ሌላው የወሰነውን እየሣለች እዚያው ወንበር ላይ ልትቀር ነው። ማታ እመዘገባለሁ ትለኛለች፣ በማግስቱ ተውኩት ትላለች።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ አንድ ቀን።

ብትጨርስ ከእኔ እንደምትርቅ አሰብኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ።

«ጨርሺው» አልኳት።

ታኅሣሥ ላይ አባቷ ጋሽ ፈዬራ የምሠራበት ሕንፃ ድረስ መጡ። አካባቢው እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን በግቢያቸው ቤት ያከራያሉ። ለዲግሪው ብዙም ግድ የላቸውም። የጎረቤታቸው ልጅ ተመርቆ የሰው መኪና ነው የሚነዳው። እጄ በጂፕሰም ስለነጣ ለሰላምታ ክንዴን ዘረጋሁላቸው። ያዙኝና አልለቀቁኝም።

«በእኛ ቤት ለሴት ልጅ ዋስ የሚቆመው አባቷ ነው፣ ወንድሟ ነው፣ ባሏ ነው። አንተ የትኛው ነህ?»

ክንዴን ለቀቁት። ልታገባት ከሆነ ሽማግሌ ላክ፣ ካልሆነ በልጄ ላይ መንደር አታስወራ ብለውኝ ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ ሄሊና ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ጠየቀችኝ።

«ዋስ የሆንከኝ ልታገባኝ ነው?»

አዎ ብላት በዕቁብ ብር የገዛኋት ሊመስላት ነው።

«አይደለም» አልኳት።



«እሺ» አለችና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አላየኋትም። ውባንቺ ደግሞ ምሳ ስበላ፣ ሄሊና ቢሮውን እሺ ልትለው እንደሆነ ነገረችኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ኮሌጁ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ፣ በእኔ ምክንያት እንዳትተዪው፣ ብትቸገሪ ልከፍል አውቄ ነው የገባሁት አልኳት።

«ችግሩ እሱ ነው፣ ዓለምሰገድ» አለችኝ። ሌላ ምንም ሳትጨምር ሄደች።

በሚቀጥለው የዕቁብ ቀን ከአባቷ ጋር መጣች። በሁሉም ፊት ጋሽ ሃይለኣብን፣ የዓለምሰገድ ስም ከዋስነት ይሰረዝልኝ፣ አባቴ ይተካዋል አለቻቸው። ጋሽ ፈዬራ ፈረሙ። ማንም አልሳቀም። ጆሮዬ እየጋለ ተነሥቼ ወጣሁ።

መንገዱን ሳልሻገር ደረሰችብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ስሜን አሰረዝሽው አይደል...»

«አዎ፣ አሰረዝኩት። ዋሴ ሆነህ ብወድህ፣ ውለታ እየመለስኩ ይሁን እየወደድኩህ እንዴት ለይቼ አውቃለሁ? ብትጠይቀኝስ እንዴት እምቢ እልሃለሁ? አሁን እምቢ ማለት እችላለሁ።»

«እምቢ ልትይኝ ነው?»

«አንተ ደግሞ! መጀመሪያ ጠይቀኝ እንጂ።»

አባቷን እንዴት እንዳሳመነቻቸው ነገረችኝ። አልዋሸቻቸውም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዜ ለዕዳ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ በኋላ ግን የምሣለውን ፕላን በራሴ ስም እፈርማለሁ ብላቸዋለች። እሳቸውም ሲያስቡ አድረው፣ እንግዲያው ዋስሽ እኔ ነኝ አሏት። ቢሮውንም እምቢ ብላዋለች።



«ሄሊና... እወድሻለሁ። ሽማግሌ ልላክ?»

«ስጨርስ ላክ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ግን ትስቃለች። «ለዛሬ ሻይ ይበቃኛል።»

ጋሽ ፈዬራ ከበሩ ላይ ሆነው ተጣሩ።

«ሻዩን ውስጥ ገብታችሁ ጠጡት፣ መንገድ ላይ ሰው እያያችሁ ነው።»

ገባን።

ሰኞ ጠዋት ከፍላ ተመዘገበች። በዓመቱ ተመረቀች። ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ሃይለኣብ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጋሽ ፈዬራ ቤት ሄዱ። የትምህርቷ ዕዳ እስካሁን አላለቀም፣ ከሁለታችን ደመወዝ ወር በወር እንከፍላለን።