አንድ መርፌ ለአንድ ሰው

ኔሬይዳና አቡንዲዮ የተዋወቁት በስህተት ነው፤ ያውም በሚያሳፍር ስህተት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በሰፈሩ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ድንበር ተሻግረው የመጡ የስኳር ድንች ለቃሚዎች የሳምንቱን ጭቃ ተሸክመው ወረፋ ይዘዋል። ኔሬይዳ በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ስኳር ድንች ትለያለች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የወረዳው ክሊኒክ አሠልጥኗት ስለ ኤች አይ ቪ ታስተምራለች። ያን ቀን ትናንሽ እሽጎች ስታድል አንድ ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት እጁን ዘረጋ።

«ሦስት ስጪኝ። ልብሴ ብዙ ነው።»

«ልብስህ?»

አንዱን ቀዶ ማሽኑ ውስጥ ሊጨምር ሲል ኮንዶም መሆኑን አየ። እስከ ጆሮው ቀላ።

«ሳሙና መስሎኝ...» አለ።

«አረፋ አትጠብቅ እንጂ ይዘኸው ሂድ» አለችው።

ከጥግ አንዱ «አቡንዲዮ፣ ሦስት ይበቃሃል?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አቡንዲዮም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን የሚያየው እሷን ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተተኩሶ የታጠፈ ልብስ ይዞ መጣ።

«ይሄ ንጹሕ ነው እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ንጹሑን ልብስ ማሽኑ ውስጥ ጨመረው። ሲሽከረከር አብረው አዩት።

ከአራት ወር በኋላ ሊጋቡ ተስማሙ፤ እናቱን እንድታይም ለምሳ ጋበዛት። እናቱ፣ በአክብሮት ዶኛ የሚባሉት ክሌሜንሲያ፣ ለቃሚዎቹ በሚኖሩበት የተጎታች ቤቶች ሰፈር የታወቁ መርፌ ወጊ ናቸው። ክሊኒኩ ሩቅ ነው፤ ሄደው ቢደርሱም ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉንፋን የያዘውም፣ ወገቡ የደከመውም ከሱቅ ቪታሚን ገዝቶ ወደ እሳቸው ይመጣል። ሴትየዋ ለማንም እምቢ ብለው አያውቁም።

ኔሬይዳ ስትገባ ስድስት ሰዎች ወረፋ ይዘው ነበር። ዶኛ ክሌሜንሲያ አንዱን ሽማግሌ ወጉና መርፌውን በአልኮል ጥጥ አበሱት። ቀጥለው በዚያው መርፌ አንዲት እርጉዝ ሴት ወጉ።

ኔሬይዳ ተራው እስኪያልቅ መታገሥ አልቻለችም።

«ዶኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ መርፌ ከአንዱ ደም ወደ ሌላው በሽታ ያስተላልፋል። ኤች አይ ቪም ቢሆን።»

«አፈላዋለሁ።»

«አሁን አላፈሉትም።»

«ወረፋውን አታይም?» አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ሃያ ሁለት ዓመት ወግቻለሁ። ማንን ገደልኩ? ምሳ ልትበይ ነው የመጣሽው ወይስ ልትፈርጂብኝ?» በሩን አሳዩዋት።

ኔሬይዳ አቡንዲዮን አየችው። እሱ የገበታውን ጨርቅ ያያል። ሳህን ላይ ያለው፣ ከበቆሎ ሊጥ የተሠራው ታማል ገና ትኩስ ነበር፤ ሳትቀምሰው ወጣች።

በማግሥቱ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቃት።

«እስከ ሰርጋችን ድረስ ብቻ ዝም በይ። ከዚያ ቀስ ብዬ አለዝባታለሁ። እናቴ ናት፣ ኔሬይዳ።»

«እስከዚያ ስንት ሰው ይወጋል?»

ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን ማዟዟር ጀመረ።

«ያቺን እርጉዝ አይተሃታል። እኔ እወድሃለሁ። ግን እያየሁ ዝም ካልኩ፣ የምታገባት ሴት እኔ አይደለሁም።»

ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጥግ ያለውን ማሽን ይይዛል፤ እሷ በር አጠገብ ቆማ እሽጎቿን ታድላለች። አንዱ ቀና ሲል ሌላው ያቀረቅራል።

በአራተኛው እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምርመራ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ኔሬይዳ ስለ መርፌ ተናገረች። ማንንም በስም ባትጠራም ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ወንበር ዞረ።

ዶኛ ክሌሜንሲያ ተነሡ። «ስሜን ለምን አትጠሪውም?»

«ጥፋተኛ ነዎት ብዬ ስለማላስብ ነው» አለች ኔሬይዳ። «ሐኪም ሲርቀን የደረሱልን እርስዎ ነዎት። ግን የማውቀውን ብደብቅዎት እኔ ጥፋተኛ ነኝ። አንድ መርፌ ለአንድ ሰው ነው፤ ከዚያ ይጣላል።»

ወደ ጠረጴዛው የሚጠጋ ሰው ጠፋ፤ መመርመር ዶኛን መክሰስ ሆነ። ያኔ አቡንዲዮ ከኋላ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ ከዚህ ሰፈር አብዝተሽ የወጋሽው እኔን ነው» አለ። «ውጤቱ ምንም ይሁን፣ ሁሉም ይስማው።»

ኔሬይዳ ለምርመራው ልትወጋው ጣቱን ያዘች።

«ጣቴን ልትሰብሪው ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ዝም በማለቴ ነው እዚህ የደረስነው።» ደሙ ጠብ አለ። «ከተገኘብኝስ?»

«መድኃኒትህን ትወስዳለህ። እኔ ራት እሠራለሁ፤ አንተ ሳህን ታጥባለህ።»

«በየትኛው ሳሙና?»

ሳትወድ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። ዶኛ ክሌሜንሲያ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ አንዷን ዶቃ እንኳ ሳያንቀሳቅሱ ቆሙ።

«ነጻ ነህ» አለች ኔሬይዳ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ዶኛ ክሌሜንሲያ ግን አላጨበጨቡም። ልጃቸውን ከወንበሩ አስነሥተው ራሳቸው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሌሎቹስ?» አሉ። «አርባ አንድ ናቸው። ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ።»

በዚያ ሳምንት በየቤቱ ዞረው አርባ አንዱንም አመጡ፤ እምቢ ያለውን ጎትተው፣ ያፈረውን በመኪና ደብቀው። ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ የተወጉት ነጻ ቢባሉም ዳግመኛ እንዲመረመሩ ቀጠሮ ያዙላቸው። እርጉዟም በሁለቱም ምርመራ ነጻ ሆነች። አንድ ሰው ብቻ ተገኘበት፤ ዶን ኤፒፋኒዮ የሚባሉ፣ አንዲት ባል የሞተባት ሴት የሚያፈቅሩ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። ውጤታቸውን ለሰው የተናገሩትም ራሳቸው ናቸው።

ዶኛ ክሌሜንሲያ ይህን ሲሰሙ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ኔሬይዳ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከየት እንደያዛቸው ማንም ማወቅ አይችልም» አለቻቸው። «በጊዜ የታወቀው ግን እርስዎ ስላመጧቸው ነው።»

ዶን ኤፒፋኒዮ መድኃኒት ጀመሩ። ከስድስት ወር በኋላ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቀነሰ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እስከወሰዱ በግንኙነት ለሌላ ሰው እንደማያስተላልፉ ሐኪሙ ነገራቸው። እሳቸውም በቀጥታ ወደ ወዳጃቸው ቤት ሄዱ።

የኔሬይዳ ወላጆች ከድንበሩ ማዶ፣ በአገራቸው በቬራክሩስ ይኖራሉ። በአገራቸው ደንብ የወንዱ ቤተሰብ የሴቷ ቤት ሄዶ መለመን አለበት፤ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ለዶኛ ክሌሜንሲያ ግን ድንበሩ የሚታለፍ አይደለም። አንድ እሁድ የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ጸጉራቸውን ጎነጎኑ፣ ከዚያ ስልክ ደወሉ። ኔሬይዳና አቡንዲዮ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ልጅዎን ለልጄ ልለምን ነው የደወልኩት» አሉ። «አስቀድሞ ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙ። አንድ ቀን ከቤቴ አስወጥቻታለሁ።»



«ምን አጥፍታ?» አሉ አባትየው።

«እውነቱን ነግራኝ።»



«እንግዲያው የእኔው ልጅ ናት፤ ሰው አልተሳሳቱም» አሉ አባትየው። «ሰርጉ መቼ ነው?»