ማመሳሰያውን ማን ከፈተው?

መሐንዲሱ በቢሮው ጓሮ ሲሚንቶ ላይ በሆዱ ተደፍቶ ተገኘ። አንድ ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ሌላው አጥሩ ሥር ወድቋል። ከበላዩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የክፍሉ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። መርማሪዋ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ፊቱን አየችና መልሳ ሸፈነችው። በመሥሪያ ቤቷ «ኮስታራዋ» ይሏታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ ሬሳ አያናድዳትም። የሚያናድዳት ስልኳ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁንም ይጮሃል።

«ደብዳቤ ጽፎ ራሱን ከመስኮት የወረወረ ሰው ነው» አለ አለቃዋ። «ምን ያከራክራል? ነገ እስከ ስድስት ሰዓት መዝገቡን ዝጊው።»

«ደብዳቤውን አይተውታል?»

«ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነግሮኛል።»

«እኔ ደግሞ ገና አላየሁትም» አለችና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ጥበቃው ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ጓሮ ምሳዬን እየበላሁ ድው ሲል ሰማሁ። ወዲያው አምቡላንስ ደወልኩ። ይኸው፣ ሰዓቱ ስልኬ ላይ አለ፤ ስድስት ሰዓት ከአርባ አንድ።»

«ከዚያስ?»

«ከጋሼ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም። እንዴት ጥያቸው እሄዳለሁ?»

«የፊት በሩን ታዲያ ማን ይጠብቅ ነበር?»

ጥበቃው ወደ በሩ ዞሮ አየ። የፊት በሩን ማንም አልጠበቀውም።

ሁሉም ሟቹን «ጋሼ» ነበር የሚሉት። ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ፣ መነጽር፣ ክዳን የሌለው ቀይ እስክሪብቶ። ኮምፒውተሩ ላይ ደብዳቤው ተከፍቶ ተቀምጧል። የተጻፈበት ሰዓት አምስት ተኩል ይላል። ኮስታራዋ አጎንብሳ አነበበችው። «ዓምና ሠርተነው በፈረሰው መጋዘን ስህተቱ የእኔ ነው። ኀፍረቱን አልቻልኩትም። የአዲሱ ትምህርት ቤት ሥራ ግን ተመርምሯል፤ እንከን የለበትም።»

መጨረሻውን ሁለቴ አነበበችው። ሊሞት መስኮት ላይ የወጣ ሰው ስለ ትምህርት ቤት ምስክርነት ይሰጣል? ደሟ ፈላ። ከዚያ ዓይኗ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ አረፈ፤ ሁለት አዳዲስ ፕላስተሮች ተለጥፈዋል፤ በአንደኛው ሥር የተቀደደ ወረቀት ጫፍ ቀርቷል፤ ጫፉ ላይ የቀይ ቀለም ጭረት አለ።

«እዚህ ምን ተለጥፎ ነበር?» ብላ ንድፍ ሠሪዋን ጠየቀቻት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ አልቅሳ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት።

«ጋሼ የጻፉት ማስታወቂያ። ‹ማመሳሰያው ቆሟል፤ ማንም እንዳይከፍተው› ይላል። ስድስት ከሃያ ላይ ለምሳ ስወጣ እዚያው ነበር።»

«ጠዋት ከጋሼ ጋር ስትጨቃጨቁ ጥበቃው ሰምቷል።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ንድፍ ጠፍቶብን ነው» አለች፣ ወለሉን እያየች። መርማሪዋ ውሸት እንደሆነ አውቃ ለጊዜው አለፈችው።

ለሰባት ሰዓት የተቀጠረው ቴክኒሽያን ሰባት ተኩል ላይ ደረሰ። የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው እሱ ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ መሣሪያውን እንዳነገተ፣ ደረጃው ላይ የሞቱን ወሬ ሰማ። ትንሽ ቆይቶ የጋሼ ሸሪክ ከግንባታው ቦታ መጣ፤ የሠላሳ ዓመት የሥራ ጓደኛ፣ ረጅም፣ ጫማው አቧራ የለበሰ። እንባው ገና ሳይደርቅ ጣቱን ቴክኒሽያኑ ላይ ቀሰረ።

«ይሄ ነው ያበላሸን! ፋይሎቻችንን አዘበራረቀብን፤ ሰውየውን ዕረፍት ነሳው!»

«እኔ?» ቴክኒሽያኑ ጮኸ። «ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ራሳቸው ደውለውልኝ ‹የትምህርት ቤቱ ስሌት ዓይኔ እያየ ጠፋ› አሉኝ። ‹ማመሳሰያውን ያቁሙት፤ ፋይሉን ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ መልሰው ያውጡት፤ ሰባት ሰዓት መጥቼ አየዋለሁ› አልኳቸው። ይሄ ነው ጥፋቴ?»

«ማመሳሰያ ስትል እንዲገባኝ አድርገህ አስረዳኝ» አለች ኮስታራዋ።

«እዚህ አንድ ፎልደር አለ። እዚህ የገባው ሁሉ በኢንተርኔት ሌላው መሣሪያ ላይም ይገባል። እዚያ የጠፋ እዚህም ይጠፋል። ሲቆም ግን አንዱ ከአንዱ አይሰማም፤ የተላከው ሁሉ መንገድ ላይ ይጠብቃል።»

«ሌላው መሣሪያ የማን ነው?»

ቴክኒሽያኑ ወደ ሸሪኩ ተመለከተ። ሸሪኩ ቀደመው። «የእኔ ነበር። ያ ግንኙነት ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል።»

«አልተቋረጠም!»

«ተቋርጧል አልኩህ! የሚሠራውን አያውቅም፣ ኢንስፔክተር።»

«ጠዋቱን የት ነበሩ?» አለች ሸሪኩን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሳይት። አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ነው። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ብቻዬን ቢሮዬ ውስጥ ስሠራ ነበር።»

«ላፕቶፕዎ ላይ?»

«ላፕቶፔ ላይ። ከእጄ አይለይም፤ ሚስቴ እንኳ ነክታው አታውቅም።»

«ለአንድ ቀን ያውሱኝ።»

ሸሪኩ ቦርሳውን ወደ እሷ ገፋ። «ይውሰዱት። የምደብቀው የለኝም። ዘግቼው ነው የመጣሁት።» ፈገግ ሊልም ሞከረ። ኮስታራዋ ላፕቶፑን እንደተዘጋ አሽጋ ለረዳቷ ሰጠች።

ከዚያ ከቴክኒሽያኑ ጋር ጋሼ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ደብዳቤውን ማን ጻፈው? ፋይሉ በጋሼ ስም ነው የሚለው።

«ያ ምንም አይነግርዎትም» አለ ቴክኒሽያኑ በምሬት። «ስገጥምላቸው ሁለት ስም እንስጥ ብዬ ለምኛቸው ነበር። ጋሼ ምን አሉ? ‹እኔና እሱ አንድ ነን፤ ምን ሁለት ስም ያስፈልገናል?› አሉ። ሸሪካቸውም የሚጽፈው ሁሉ በእሳቸው ስም ነው የሚወጣው።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነከሰች። ሠላሳ ዓመት የታመነ ሰው፣ የተሰጠውን ስም ለዚህ ያውለዋል? ግን ገና ማስረጃ የላትም፤ ያላት ንዴት ብቻ ነው። «ፕሮግራሙ የሠራውን በሰዓቱ ይመዘግባል?» አለች።

ይመዘግባል። ቴክኒሽያኑ ዝርዝሩን ከፈተው። ኮስታራዋ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ሰዓት ከራሷ ስልክ፣ ስልኳን ከጥበቃው ስልክ ጋር አስተያየች፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ከዚያ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። መስመሩን ከነሰዓቱ ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠችው።

«ሰውየው በኩራት ነው ላፕቶፑን የሰጠኝ» አለች በመጨረሻ። «በኩራቱ ይያዛል።»

በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በቢሮው ስብሰባ ክፍል ተሰበሰቡ፤ ጥበቃው፣ ንድፍ ሠሪዋ፣ ቴክኒሽያኑ፣ ሸሪኩ፣ እና እትዬ የሚሏት የጋሼ ባለቤት፣ ጥቁር ለብሳ። ጠረጴዛው ላይ የጋሼ ኮምፒውተርና ከማሸጊያው ያልወጣው ላፕቶፕ ተቀምጠዋል።

«ባሌ ራሱን አልገደለም» አለች እትዬ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ከትናንት ወዲያ ማታ ‹ሰኞ ስድስት መቶ ልጅ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሊገባ ነው› እያለ ሲገላበጥ ነው ያደረው። እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ራሱን ያጠፋል?»

«እትዬ፣ ተረጋጊ» አለ ሸሪኩ። «ኀዘን ነው።»

«እርስዎ ዝም ይበሉ!» ኮስታራዋ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ እስክሪብቶዎቹ ዘለሉ። «እስከ ስድስት ሰዓት ዝጊው ተብያለሁ። ስለዚህ አላስረዝምም። ጋሼ ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ ማመሳሰያውን አቆሙት። በቀይ እስክሪብቶም ማንም እንዳይከፍተው ብለው ለጠፉ። ደብዳቤው አምስት ተኩል ላይ ተጻፈ ይላል። እዚህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩ ላይ ከሌላ መሣሪያ መጣ ባላለ። ግን ይላል።» ዞራ ጥበቃውን አየችው። «አምቡላንስ የደወልከው ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ከአርባ አንድ።»

«ማመሳሰያው ተመልሶ የተከፈተው ስድስት ከአርባ ስምንት ላይ ነው። ደብዳቤው ጋሼ ኮምፒውተር ላይ የደረሰውም በዚያው ደቂቃ ነው። ጋሼ ጓሮ ከወደቁ ሰባት ደቂቃ አልፏል። የሞተ ሰው ተነሥቶ ወረቀት ቀዶ ቁልፍ ይጫናል?»

ንድፍ ሠሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ገዳዩ ደብዳቤውን ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ጽፎ ልኮታል» ብላ ቀጠለች በንዴት። «ጋሼ ቢሮ በነበሩበት፣ እሱ ሩቅ በነበረበት ሰዓት የተጻፈ እንዲመስል። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮው ባዶ ሲሆን በፊት በር ገባ፤ ቁልፍ አለው። ገፈተራቸው። ከዚያ ደብዳቤውን ስክሪኑ ላይ ሊከፍት ሲል የለም! ማመሳሰያው ቆሟል። ማስታወቂያውን ቀደደ፣ ከፈተው፣ ደብዳቤው ወረደ፤ በፊት በር ወጣ። ያ ሰውዬ» አለች ወደ ጥበቃው እየጠቆመች፣ «ጓሮ ሬሳ ታቅፎ ተቀምጦ ነበር።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው» አለ ሸሪኩ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ማንም ሊልከው ይችላል። የእኔ ግንኙነት ተቋርጧል ብያለሁ።»

«ብለዋል። ማንም እንደማይነካውም ብለዋል። አምስት ሰው ሰምቷል።» ለቴክኒሽያኑ ራሷን ነቀነቀችለት። «ክፈተው።»

ቴክኒሽያኑ ማሸጊያውን ቀድዶ ላፕቶፑን ከፈተ፤ ኢንተርኔት ገጠመለት። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩ። ለጥቂት ሰከንድ ምንም አልመጣም። ሸሪኩ ትንፋሹን ሊለቅ ሲል ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ አዲስ ፋይል ገብቷል። የትምህርት ቤቱ ምሰሶዎች ስሌት።

«ትናንት ጠዋት ከሳይት ሆነህ ያጠፋኸው ፋይል ነው» አለች ኮስታራዋ። አንቱታውን ጥላዋለች። «ጋሼ ከመጣያው አውጥተው ማመሳሰያው እንደቆመ ሲሠሩበት ነበር። አንተ የውሸት ደብዳቤህን ለማውረድ ስትከፍተው፣ የእሳቸው ስሌት በዚያው መንገድ ወደ አንተ ጉዞ ጀመረ። ላፕቶፕህ ስለተዘጋ ነው ያልደረሰህ። በዓለም ላይ ይህ ፎልደር የሚገናኘው ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው፤ ይኸው።»

ሸሪኩ ፊቱ አመድ መሰለ። «አላሰብኩትም...» አለ። ከዚያ ድንገት ገነፈለ፦ «የምሰሶዎቹን ብረት ትንሽ አሳነስኩ፤ ሁሉም ያደርገዋል! እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። እኔን አሳልፎ ሊሰጥ!»

እትዬ ተነሣች። ማንም ሳያስቆማት በጥፊ አጮለችው። «ስሙን ሰጥቶህ ነበር!» አለች። «ስሙን!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኮስታራዋ ወደ ንድፍ ሠሪዋ ዞረች። «የትናንቱ ጭቅጭቅ ስለ ንድፍ አልነበረም።»

ልጅቷ አለቀሰች። «ጋሼ ማመልከቻ አዘጋጅተው ነበር፤ ሕንፃው እንዲታሸግ። ያለ ሁለተኛ ባለሙያ ፊርማ አይቀበሉትም። ፈርሚ አሉኝ። ሸሪካቸውን ፈርቼ አልፈርምም አልኳቸው። ብፈርም ኖሮ ጠዋት ወስደውት ይሄዱ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ እዚህ አይገኙም ነበር።»

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። ከጋሼ መሳቢያ ያገኘችውን ማመልከቻ ከማህደሯ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከጋሼ ስም ሥር ቀይ ፊርማ፤ ከዚያ በታች ባዶ መስመር። ሌሊቱን ሙሉ ስታየው ያደረችው ያንን መስመር ነው።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ስድስት ሊሞላ ነው። ዘጋሽው?»

«ገዳዩ ተይዟል። አሁን ደግሞ ከሰኞ በፊት ትምህርት ቤት የሚያሽግ ሰው ይላኩልኝ።»

«ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም። ደግሞ በምን ማስረጃ?»

ኮስታራዋ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሣችም። እትዬ ከባሏ ጠረጴዛ ክዳን የሌለውን ቀይ እስክሪብቶ አምጥታ ለልጅቷ ስትዘረጋላት እያየች ነበር። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ቀለሙ ደርቆ መጀመሪያ እምቢ አላት። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደጋግማ ጫረችው፤ ሦስተኛው ላይ ጻፈ።

«በሁለት ፊርማ» አለች ኮስታራዋ ወደ ስልኩ። «ይዤው እየመጣሁ ነው።»